ቪትዝን በትውልዱ ማወቅ

ሶማሌ ተራ ገብቶ «የቪትዝ ውኃ ፓምፕ አለ?» የሚል ሰው የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የጠየቀው። የትኛው ቪትዝ? ቶዮታ በዚህ ስም ከ1999 እስከ 2020 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ትውልድ መኪና ሠርቷል። በእያንዳንዱ ትውልድ ውስጥ ደግሞ የተለያየ ሞተርና የተለያየ ካምቢዮ አለ። ልምድ ያለው ሻጭ መልሶ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው የመሰለውን አውጥቶ ይሰጣል፤ ዕቃው ሳይገጥም ይመለሳል፣ ወይም ደግሞ፣ ከዚህ የሚከፋው፣ ተገድዶ ይገጠማል።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ወገን ነው፤ ቪትዝና ያሪስ እየጠገነ ለሚኖረው ወጣት መካኒክ፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ በራይድ ወይም በፈረስ ሠርቶ ማታ ለባለ መኪናው ገቢ ለሚያስገባው ሹፌር። ጊዜው ራሱ ያስገድዳል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እንደ ዕድሜያቸው እያናረው ሄደ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ከተማችን ውስጥ የሚዞሩት ቪትዞች የነገዎቹም ናቸው። ከዕድሜያቸው በላይ እንዲያገለግሉን ከፈለግን እያንዳንዷ እንዴት ተሠርታ እንደመጣች ማወቅ አለብን።

ከቪትዝ በፊት ስታርሌት ነበረች። ከ1973 እስከ 1999 ድረስ በየትውልዱ እየታደሰች ተመርታ ቦታዋን ለቪትዝ ለቀቀች። የመጀመሪያዋን ቪትዝ ቅርጽ ያወጣው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው፤ ይሠራ የነበረውም በቶዮታ የአውሮፓ ዲዛይን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱን መኪና ሽልማት ወሰደች፤ ጃፓንም ውስጥ እንዲሁ የዓመቱ መኪና ተባለች። በ2001 ሰሜን ፈረንሳይ ቫለንሲየን አጠገብ ያለው የቶዮታ ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ለእኛ ሙያ ግን ከቅርጿ ይልቅ ትልቁ ለውጥ የነበረው ኮፈኖው ሥር ነው። የመጨረሻዋ ስታርሌት ሞተር ታይሚንጉን የሚያዞረው በቺንጋ ነበር፤ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቪትዝ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ በካቴና መጣች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነውና። አንዳንድ ጋራዥ እስከ ዛሬ ድረስ «ታይሚንግ ቺንጋሽ ደርሷል» እያለ የቪትዝ ባለቤት ያስከፍላል። የሚቀየር ቺንጋ የለም። ሌላው ወገን ደግሞ ካቴና ስለሆነ ዘላለም ይኖራል ብሎ ይተወዋል። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው መሣሪያ የሚገፋው በሞተር ዘይት ግፊት ነው፤ ካቴናው የሚለሰልሰውም በዚያው ዘይት ነው። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ከቆሸሸ ካቴናው ይላላል። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው የብረት መንኳኳት የመጀመሪያው ምልክት ነው። ያንን ድምፅ ሰምቶ ሬዲዮ ከፍ የሚያደርግ ሹፌር ሞተር ለማውረድ ገንዘብ ማስቀመጥ ይጀምር።

ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ለእነዚህ ሞተሮች የሚያዘው የዘይት ቅየራ በመደበኛ አነዳድ 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት፣ በከባድ አጠቃቀም ደግሞ ግማሹን ነው። ከመገናኛ ሜክሲኮ ድረስ መንገዱ ተዘግቶ የሚሄድ መኪና ኪሎ ሜትሩ አይጨምርም፣ ሞተሩ ግን አላረፈም። ከባድ አጠቃቀም ማለት ይህ ነው። ለራይድ ሹፌር የምመክረው በ5,000 ኪሎ ሜትር ከነማጣሪያው መቀየር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜም ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ዘይቱን መለካት ያስፈልጋል። ሞተሩ ዘይት ይበላል ከተባለ መጀመሪያ ከሥር የሚፈስ መኖሩን እዩ። የሚፈስ ከሌለና ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ፋሻው ነው። «ወፍራም ዘይት እናድርግበት» የሚለውን መፍትሔ አልደግፈውም። እነዚህ ሞተሮች የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክሉት ቪቪቲ-አይ በሚባል በዘይት ግፊት በሚሠራ ዘዴ ነው። መተላለፊያዎቹም ጠባብ ናቸው። ወፍራሙ ዘይት ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይደብቅና ሌላውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ። የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ከመስመሯ በፊት ያለው ጽሑፍ መኪናዋን ሁሉ ይናገራል። መካከል ያለችው «ፒ» ፊደል ከስታርሌት የወረደች ናት፤ የመጨረሻዋ ስታርሌት ኮድ ኢፒ91 ነበር። ፊተኞቹ ፊደሎች ሞተሩን፣ ቁጥሩ ትውልዱን ይነግራሉ። ኤስሲፒ10 ማለት የመጀመሪያው ትውልድ፣ 1.0 ሊትር፣ 1ኤስዜድ ሞተር ነው። ኤንሲፒ10 የዚያው ትውልድ 1.3 ሊትር፣ 2ኤንዜድ ነው። ኤስሲፒ13 ደግሞ 1.3 ሊትር ሆኖ ሞተሩ 2ኤስዜድ ነው። ልብ በሉ፤ ሁለት ባለ 1.3 ቪትዞች፣ የአንድ ትውልድ፣ ሞተራቸው ግን የተለያየ ቤተሰብ ነው፤ የአንዱ ውኃ ፓምፕ ለሌላው አይሆንም። ከ2005 ጀምሮ በመጣው በሁለተኛው ትውልድ ኬኤስፒ90 የ1.0 ሊትር 1ኬአር፣ ኤስሲፒ90 የ1.3 ሊትር 2ኤስዜድ፣ ኤንሲፒ91 የ1.5 ሊትር 1ኤንዜድ ነው። በ2010 መጨረሻ የመጣው ሦስተኛው ኬኤስፒ130 እና ኤንኤስፒ130 እያለ ይሄዳል። ዕቃ ለመግዛት ስትሄዱ የሻንሲ ሰሌዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። «የስንት ዓመት ናት?» ለሚለው ጥያቄ ሊብሬ ላይ ካለው ዓመት ይልቅ ይህ ሰሌዳ የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ ትውልድ የሚቀያየርበት ዓመት ላይ የተመረተ መኪና በዓመቱ ብቻ አይለይምና።

ሌላም የሚነግራችሁ ነገር አለ። ሰሌዳው ላይ አጭር ኮድ፣ መስመርና ሰባት አኃዝ ካለ መኪናዋ የጃፓን ገበያ ናት። 17 ፊደልና ቁጥር ካለ ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት፤ «ቪኤንኬ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ከፈረንሳዩ ፋብሪካ የወጣች፣ «ጄቲዲ» ካለ ጃፓን ተሠርታ ለውጭ የተላከች።

ይህ ልዩነት ለኛ ከባድ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነበር፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እኛ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፣ መሪያችንም በግራ ነው። ስለዚህ ከጃፓን ገበያ የወጣች ቪትዝ መሪዋ ግራ ላይ ካለ አንድ ቦታ ላይ ተዛውሯል ማለት ነው። ፍጥነት መቁጠሪያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ክሩስኮቱ መካከል ላይ ስለተቀመጠ ለሚያዛውረው ሰው ሥራው ቀሎለታል፤ ለገዢው ግን ዝውውሩን ይደብቅበታል። መጥረጊያዎቹ ወደየትኛው ወገን እንደሚያርፉ እዩ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ መኖሩን ፈልጉ። የፍሬን ፔዳሉ ከማስተር ሲሊንደሩ ጋር በምን እንደተገናኘ፣ ብየዳው ንጹሕ መሆኑን፣ የመሪው ዘንግ የታሰረባቸው ብሎኖች ሙሉ መሆናቸውን በእጃችሁ እየነካችሁ አረጋግጡ። እዚህ ላይ የሚደረግ ችኮላ ሰው ይገድላል።

የፊት መብራቱንም አትርሱ። የጃፓን መብራት የተሠራው በመንገዱ ግራ ለሚሄድ መኪና ስለሆነ ዝቅ ያለው ብርሃን ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ መንገድ ላይ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። አምፖል ቢቀየር ይህ አይስተካከልም፤ ለቀኝ መንገድ የተሠራ የመብራት አካል መግጠም ያስፈልጋል። የሌሊት ሥራ የሚሠሩ ሹፌሮች ይህን ወጪ እንዳይሸሹት እለምናለሁ። በነገራችን ላይ የጃፓን መኪና መሆኗን ሬዲዮዋም ያሳብቃል፤ ኤፍኤሙ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ስለሚቆም ሸገር 102.1ን ያለ ተጨማሪ ዕቃ አትይዝም።

የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ከማያቸው የምርመራ ስሕተቶች አንዱ መሪን የሚመለከት ነው። መሪዋ ሲከብድ ዘይቱን የሚፈልግ መካኒክ አለ። ቪትዝ መሪዋን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ዘይትም ፓምፕም የለውም። ባትሪው ደክሞ ወይም ዲናሞው በሚገባ ሳይሞላ ሲቀር የመሪው ኮምፒውተር እገዛውን ያቋርጣል። መልቲሜትር አውጥታችሁ መጀመሪያ ቮልቱን ለኩ። ከባትሪው እስከ ሻንሲው ያለውን የኔጌቲቭ ገመድም ፈትሹ። ሌላው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው፤ ዲጂታል ስለሆነ ቁጥሩ የሚቀመጠው ቺፕ ላይ ነው፣ የሚለውጠውም አይጠፋም። 80,000 የሚል ቆጣሪ ባላት መኪና ላይ የፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ ፔዳሉን እመኑ።

ሁለተኛው ትውልድ ረዘመ፣ ሰፋም። የመጀመሪያዋ ርዝመት 3.61 ሜትር ገደማ ነበር፤ ይችኛዋ 3.75 ሜትር ሆነች። ስፋቷ 1,695 ሚሊ ሜትር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጃፓን ውስጥ የሚሸጡት ተከታዮቿም ከዚያ አላለፉም፤ ምክንያቱም ጃፓን ውስጥ 1,700 ያለፈ መኪና ከትንንሾቹ ምድብ ይወጣል። ከዚህች ትውልድ ጋር ነው 1ኬአር የመጣው፣ ከዳይሃትሱ ጋር የተሠራው ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ ሊትር በታች ባሉ ሞተሮች ምድብ ከ2007 እስከ 2010 በተከታታይ ዓለም አቀፍ የሞተር ሽልማት አግኝቷል። እኔም ሽልማቱ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ነዳጅ ቆጣቢ ነው፣ በደንብ ከያዙትም ይቆያል። ግን ባሕርይ አለው። ሦስት ሲሊንደር ስለሆነና ንዝረት የሚያመዛዝን ዘንግ ስላልተገጠመለት ቆሞ ሲሠራ ይርገበገባል። አራት ሲሊንደር ብቻ የለመደ መካኒክ ይህን ሲያይ ካንዴላ ይቀይራል፣ ቦቢና ይቀይራል፣ ባለቤቱም ይከፍላል፣ ርግብግቢቱ ግን እዚያው ናት። መጀመሪያ የሞተር መያዣ ጎሚኒዎቹን እዩ። እነሱ ደኅና ከሆኑና ኮምፒውተሩ የእሳት መዝለል ካላሳየ ያ ንዝረት የተፈጥሮዋ ነው፤ ለባለቤቱ እንደዚያው ንገሩት። ከውኃ ፓምፑ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ግን በዚህ ሞተር ላይ የተለመደ ነውና በየዘይት ቅየራው ፈትሹት።

ባለ 1.0 ሊትር የያዘ ሹፌር ስለ ከፍታውም ይወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። 70 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች መኪና ሽሮ ሜዳን ስትወጣ 70 የላትም። አራት ሰው ጭኖ በከፍተኛ ማርሽ ከመጎተት ቀደም ብሎ ማርሽ መቀነስ ሞተሩንም ካምቢዮውንም ያሳርፋል።

ያው ከፍታ ውኃውንም ይነካል፤ ጋራዥ ውስጥ ሲነገር ብዙ አልሰማሁም። በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እዚህ ግን በ92 ገደማ። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው በ82 አካባቢ ነው። በመካከል ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደኅና ክዳንና ትክክለኛ ኩላንት ያላት መኪና እዚህም ብትሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳትፈላ ትቆያለች። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ አሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል። ርካሽ ክዳን ባለመቀየር ቴስታታ ያስወረደ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የቧንቧ ውኃ ብቻ ማድረግም ይቅር፤ ውስጡን ያዝጋል፣ ፓምፑንም ይበላል።

ካምቢዮ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አውቶማቲክ የሚመስለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ አለ፤ በሁለተኛው ትውልድ የጃፓን 1.3 ላይ ሲቪቲ አለ፤ ከአውሮፓ በመጡ አንዳንድ ያሪሶች ላይ ደግሞ ውስጡ ማንዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን የኤሌክትሪክ ሞተር የሚረግጥለት አለ። ለሲቪቲ የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረ መካኒክ ካምቢዮውን ገደለው ማለት ነው፤ ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። ያ የአውሮፓው ደግሞ ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ተይዞ ሲቆም ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፤ ፍሬን ይያዝ።

በኦክቶበር 2012 ቶዮታ በመላው ዓለም 7.43 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ቪትዝና ያሪስም ከነሱ መካከል ነበሩ። ችግሩ በሹፌሩ በር ላይ ያለው የመስኮት ማውጫ ማብሪያ ነው። ውስጡ የተቀባው ቅባት እኩል ስላልተዳረሰ ይይዛል። ሰው ደግሞ ሲይዝበት ከገበያ የሚረጭ ቅባት ገዝቶ ይነፋበታል፤ ያ ቅባት ማብሪያውን አቅልጦ ጭስና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ የሚያዝ የመስኮት ማብሪያ ካጋጠማችሁ ምንም አትርጩበት፤ ይፈታ፣ ካልሆነም ይቀየር።

ኤርባጉ የባሰ ነው። ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው ኬሚካል በዓመታት ሙቀትና እርጥበት ይበላሽና ኤርባጉ ሲፈነዳ መያዣው ተሰባብሮ ብረት ይበትናል። በዓለም ዙሪያ ሰዎች ሞተውበታል፤ ኩባንያው በ2017 ከሠረ። ከተጠሩት ውስጥ ቪትዝና ያሪስ አሉ። ያገለገለ መኪና ሆኖ የመጣ በአገሩ ሳይቀየርለት ሊሆን ስለሚችል የሻንሲ ቁጥሩን ቶዮታ ባዘጋጀው የፍለጋ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ወይም የቶዮታ ወኪል ዘንድ ሄዳችሁ አጣሩ። ከተበተነች መኪና የወጣ ያገለገለ ኤርባግ መግጠም ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። መሪ ወይም ክሩስኮት ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቁና ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆዩ። የኤርባጉን ገመድ በመልቲሜትር አትለኩ፤ የመልቲሜትሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ሦስተኛው ትውልድ በከተማችን ጥቂት ነው። ፍጥነት መቁጠሪያው ወደ ሹፌሩ ፊት ተመለሰ፤ አንዳንዶቹም መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸውን ራሳቸው የሚያጠፉ ናቸው። እነዚህ ለዚያ ሥራ የተሠራ ጠንካራ ባትሪ ይፈልጋሉ፤ ተራ ባትሪ ቢገጠምላቸው ቶሎ ይሞታል። በ2020 የመጣው አራተኛው በጃፓንም ያሪስ ተብሎ የቪትዝ ስም እዚያ አበቃ። አሁን በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ቪትዝ ተብሎ የሚሸጠው አዲስ መኪና ግን ሕንድ ውስጥ የሚሠራ የሱዙኪ ሴሌሪዮ ነው፤ ካጋጠማችሁ ዕቃውን ከሱዙኪ ወገን ፈልጉ።

ከ2012 ጀምሮ አውሮፓ ላይ፣ ከ2017 ጀምሮ ጃፓን ላይ የዚህች መኪና ሃይብሪድ አለ። የሦስተኛው ትውልድ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ተቀምጦ 144 ቮልት ይይዛል፤ ወደ ሞተሩ ሲሄድ ኢንቨርተሩ እስከ 520 ቮልት ያሳድገዋል። የጥንቃቄ ሥርዓቱ አሁን በብዛት በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይም የሚሠራ ስለሆነ ከዛሬ ተማሩት። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ ከፍተኛ ቮልት ነው፤ አትንኩት፣ አትቁረጡት፣ ውኃ አትርጩበት። ቁልፉን አርቃችሁ አስቀምጡ፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ አውልቁ፣ ጓንት አድርጋችሁ የከፍተኛ ቮልቱን መሰኪያ ንቀሉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው። ከዚያ 10 ደቂቃ ቆዩ፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው እስኪወጣ ነው። ኤሌክትሪክ አለመኖሩን ለኩና ሥራ ጀምሩ። ጓንቱ እስከ 1,000 ቮልት ለኤሌክትሪክ ሥራ የተሠራ መሆን አለበት፣ የወጥ ቤት ጎማ ጓንት አይሆንም። ከመልበሳችሁ በፊትም ከአፉ ጀምራችሁ እየጠቀለላችሁ አየሩን ወደ ጣቶቹ ግፉት፤ ከአንዲት ቀዳዳ እንኳ አየር ካመለጠ ጣሉትና ሌላ ግዙ።